የክረምቱ የልጆች ፕሮግራም ረቂቅ፦ ከጥንቸል ወደ ጅብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የጋራ ሐሳባችንን መጻፍ ጀምሬያለሁ። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንስሳትን በወረቀት መሥራት። አምና ከኢንተርኔት ያወጣነው ጥንቸል ነበር። እኛ ቆረጥን፣ እኛ ለጠፍን፤ ልጆቹ ዓይኑን ብቻ ቀቡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። ዘንድሮ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

ቲቸር፦ እኔ ጅብ ይሁን እላለሁ። በሐረር ግንብ ውስጥ፣ በጁገል ያለ ልጅ የጅብ ድምፅ እየሰማ ነው የሚተኛው። በግንቡ ቀዳዳ ሲገባ ያየም አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። የጫማ ካርቶን ለሁለት ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ጀርባው ይሆናል። እግሮቹ ሲቆረጡ የኋላዎቹ ከፊተኞቹ በአንድ ጣት ያጠሩ ይሁኑ። ሲቆም ወገቡ ወደ ኋላ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ማንም ሳይነግረው ልጁ ራሱ ጅብ መሆኑን ያውቃል። ነጥቦቹን ጣታቸውን የቡና አተላ ውስጥ ነክረው ያትማሉ። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ሞከርነው። አተላው ብቻውን ሲደርቅ ይረግፋል፤ ትንሽ ሙጫ ሲገባበት ግን ያዘ።

አንዲት እናት፦ ቲቸር፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን የ4 ዓመት ልጅ ካርቶን መቁረጥ አይችልም። የኔዋ መቀስ ስትይዝ አውራ ጣቷ ይጠፋባታል። ትንንሾቹ ይቅደዱ። ወረቀት መቅደድ ራሱ ጣት ያጠነክራል። ደግሞ የጅብ ግልገል ሲወለድ ነጥብ የለውም፣ ጥቁር ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ጥቁር ወረቀት ቀደው ግልገሉን ይለጥፉ፣ ትልልቆቹ እናቱን ይሥሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሙጫ አንገዛም። 1 ስኒ የፉርኖ ዱቄት በ4 ስኒ ውሃ በጥብጦ፣ እስኪወፍር እሳት ላይ ማማሰል ነው። የተረፈው አይቀመጥም፣ ይሸታል። ካርቶኑን ከጫማ ቤቶች እጠይቃለሁ። ያለን ብር ጫፉ ድቡልቡል ለሆነ የልጆች መቀስ ይዋል።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጅብን ለልጅ ማስፈራሪያ አታድርጉት። በኛ ከተማ ጅብ በስሙ ተጠርቶ ከሰው እጅ ይበላል። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። «ዝም በል፣ ጅብ ይበላሃል» የሚል አስተባባሪ እንዳይኖር በጽሑፉ ይግባ። ልጁ ሲሠራ ይህን ታሪክ የሚነግረው ሰው ካጣችሁ እኔ እመጣለሁ።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ይምጡልን። ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሥጋ ተራ ላይ ከእጅ የሚነጥቀው ጭላት ይሁን። ጅራቱ መሃሉ ገባ ያለ ነው፤ ወረቀቱን አጥፎ አንዴ መቁረጥ ይበቃል።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ የጋሼን ሐሳብ መጀመሪያ ላይ። አንድ መስመርም ጨምሬያለሁ፦ አዋቂ የልጁን ሥራ አያስተካክልም፤ እግሩ ሦስት ቢሆንም ይቆያል። የጫማ ካርቶን ያላችሁ እስከ ሐሙስ አምጡ። አተላ የሚያጠራቅምልን ማነው?

አንዲት እናት፦ እኔ። ከዛሬ ቡና ጀምሮ።