ሞተርን በመርከብ ማሻገር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ዕቅዴን እዩልኝ

ተጓዧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአሥራ ሁለት ቀን የሞተር ጉዞ እያሰናዳሁ ነው። መሃል ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጓዝ የመኪና መርከብ አለ፤ ማታ ተሳፍሬ ጠዋት ማዶ እወርዳለሁ። መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኮረኮንችም ዝናብም አይቻለሁ። ሞተሬን ይዤ መርከብ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። የምጓዘው ብቻዬን ነው። ሞተሩ ከነሳጥኖቹ 260 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከወደቀ ያለ ሰው አላነሣውም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመሳፈሪያው ቀን ጠዋት ተነሥቼ 430 ኪሎ ሜትር እነዳና መግቢያው ከመዘጋቱ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ወደቡ እደርሳለሁ። በማግስቱ እንደወረድኩ ደግሞ 380 ኪሎ ሜትር። ቀኑ ይበቃኛል? ሞተሩን የሚያስረውስ ማን ነው፣ እኔ ወይስ የመርከቡ ሠራተኞች? ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ያ የብረት መወጣጫ ነው። ቪዲዮ ላይ ውሃ ተኝቶበት አይቼዋለሁ።

የቆየ ሄልሜት፦

እህቴ፣ ከሚያስጨንቅሽ ልጀምር። መወጣጫው ብዙ ጊዜ ሰው የሚጥለው መሃሉ ላይ ሲቆሙበት ነው። ስለዚህ ከፊትሽ ያለው መኪና ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ ከታች፣ ደልዳላው ላይ ጠብቂ። ሠራተኛው እጁን ቢያወናጭፍም መንገዱ ባዶ ሳይሆን አትነሺ። ሲለቀቅልሽ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቀሽ፣ ነዳጁን እኩል ይዘሽ ውጪ። መጋጠሚያው ላይ ያለውን የብረት ከንፈር ቀጥ ብለሽ ተሻገሪው፤ በሰያፍ አትምጪበት። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የመወጣጫው ዳገት ይለዋወጣል፤ ቪዲዮ ላይ ለጥ ብሎ ያየሽው አንቺ ስትደርሺ ቀጥ ብሎ ሊጠብቅሽ ይችላል።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ውስጡን ነው። ወለሉ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ከመኪኖች የተንጠባጠበ ውሃና ዘይት፣ በዚያ ላይ ጨው አለበት። መኪና የሚታሰርባቸው የብረት ጉብታዎችም እዚህም እዚያም አሉ። መሪሽ ታጥፎ ሳለ የፊት ጎማሽ አንዱ ላይ ካረፈ ያንሸራትትሻል። የፊት ፍሬኑን ተዪው፤ የኋላውን በቀስታ ያዢ፣ ሰፋ አድርገሽ ታጠፊ።

ማሰሩ እንደ መርከቡ ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ሠራተኞቹ ያስሩልሻል፤ አንዳንዱ ላይ ዘይት የጠጣ ገመድ ሰጥተውሽ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የተሻገርኩ ጊዜ አንድ ሠራተኛ «ተወው፣ እኔ አስረዋለሁ» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት። አንድ ቀበቶ ኮርቻው ላይ ጣል አድርጎ ወጠረው፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ሌሊት ባሕሩ ተናወጠ። ጠዋት ስወርድ ሞተሬን ጎረቤቱ ሞተር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሰብሮ የሁለት ጣት ስፋት ያላት ጉማጅ ብቻ ቀርታለች። በዚያች ጉማጅ፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት እየሳብኩ 90 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ማታ ጣቶቼን መዘርጋት አቅቶኝ ጠርሙስ የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴን አራት ቀበቶ ሳልይዝ አልሳፈርም። አስተሳሰሬ ይህ ነው፦ ሞተሩን በጎን ማቆሚያው አቆምና አንደኛ ማርሽ አስገባለሁ። የፊት ፍሬኑን እጀታ ስቤ ከመያዣው ጋር በላስቲክ እጠፍረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ሁለቱን የፊት ቀበቶዎች የምይዘው ከመሪው ግርጌ፣ የፊት ሞላዎቹን ከሚያያይዘው ብረት ላይ ነው። መሪው ጫፍ ላይ አላስርም። መጀመሪያ ማቆሚያው ባለበት በኩል እወጥርና ሞተሩ ማቆሚያው ላይ በደንብ ሲጫን ወደ ሌላው እዞራለሁ። የፊት ሞላው ሲሶ ያህል ከወረደ ይበቃል። ድፍጥጥ እስኪል ከወጠርሽው መርከቡ በዘለለ ቁጥር ጉልበቱ የዘይት ማሸጊያው ላይ ስለሚያርፍ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል። የኋላዎቹን ከሻንሲው ያዢ፤ ማርሚታና የሳጥን መቀመጫ አይታመኑም። ቀበቶው ቀለም በሚነካበት ሁሉ ጨርቅ አድርጊ።

ስትጨርሺ ኮርቻውን ይዘሽ ነቅንቂው። ሞተሩ ለብቻው ከተወዛወዘ ገና አልታሰረም። ወለሉን ይዘሽ የምትነቀንቂ ከመሰለሽ በቃ፣ ሂጂና ተኚ።

የወለል ሰው፦

ስምንት ዓመት እንደዚህ ያለ መርከብ ላይ መኪና አስገብቼ አስሬያለሁ። የቆየ ሄልሜት የጻፈው ልክ ነው፤ ከኛ ወገን ያለውን ልጨምር።

እጃችንን ስናወናጭፍ ተቆጥተን እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የመኪና መርከብ የፊት በሩ ሳይዘጋ ከቤልጅየሙ ዜብሩገ ወደብ ተነሥቶ፣ ውሃው የመኪናውን ወለል ሲያጥለቀልቀው በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠ፤ 193 ሰው ሞተ። ለመኪና ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ክፍት የሆነ ወለል ላይ የገባ ውሃ ወደ አንድ ጎን ሲሮጥ መርከቡን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጭነቱን በጊዜ ጨርሰን በሩን መዝጋት አለብን። ችኮላው የኛ ነው፤ አንቺ ግን ባዶ ያልሆነ መወጣጫ ላይ እንድትወጪ ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም። እጅሽን አንሥተሽ «ቆይ» በይን፤ እንጠብቃለን።

መርከቡ ከተነሣ በኋላ የመኪናው ወለል ለተሳፋሪ ይዘጋል። መድኃኒትሽን፣ ፓስፖርትሽን፣ የስልክ ቻርጀርሽን፣ የሌሊት ልብስሽን በትንሽ ቦርሳ አስቀድመሽ ለይ። አላርም ካለሽ የንቅናቄ ጠቋሚውን አጥፊው፤ አለበለዚያ መርከቡ ባጋደለ ቁጥር ሲጮኽ ያድርና ጠዋት ባትሪው ባዶ ይሆናል። ትርፍ ነዳጅ በጀሪካን ወይም የምድጃ ጋዝ ከያዝሽ ከመሳፈርሽ በፊት ጠይቂ፤ ብዙ መርከቦች አይፈቅዱም። ቦታ ስትይዢም የሞተሩን ወርድ ከነሳጥኖቹ ለክተሽ ስጪ።

ጠዋት ደግሞ «አስነሡ» እስክትባሉ ሞተር አታስነሺ። ዝግ ወለል ላይ ሃያ ሞተር በሚኒሞ ሲቆም ጭሱ መጀመሪያ የሚያፍነው ቀበቶ ለመፍታት ጎንበስ ያለውን ሰው ነው።

ሰፊ ቀን፦

ስለ ቀኑ ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልበል፦ አይበቃም። 430 ኪሎ ሜትር ነድተሽ ሁለት ሰዓት ብቻ ከተረፈሽ አንድ የተበሳ ጎማ መርከቡን ያስመልጥሻል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሰዓቱን ለመያዝ ስትይ ከዐቅምሽ በላይ መንዳትሽ ነው። ከዋዜማው ወደቡ አጠገብ እደሪ። ካልሆነ የመሳፈሪያውን ቀን መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር አታሳልፊው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የየወደቡ ሰዓት ነው፤ ማዶው ሌላ የሰዓት ክልል ከሆነ ልዩነቱን አስቢ።

የማግስቱ 380ም ይቀነስ። መርከብ ላይ እንቅልፍ ሁለት ሦስቴ ይቆራረጣል። የባሕር ማዞር መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ አብዛኞቹ ያስተኛሉ፣ ድካማቸውም ጠዋት ላይ ላይለቅ ይችላል። ከጉዞው በፊት በማትነጂበት ቀን ሞክረሽ ሰውነትሽን እዪው፤ ፋርማሲስትም አማክሪ። አልጋ ስትመርጪ የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ያለውን ያዢ፤ ጫፎቹ ናቸው ብዙ የሚዘሉት።

ወረቀት፦ ሊብሬው በስምሽ ካልሆነ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ ያዢ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ (እ.ኤ.አ.) የ1949ኙ እና የ1968ቱ ስምምነት የሚባሉ ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት፤ የምትሄጂበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል አጣሪ። ኢንሹራንስሽ ማዶ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ባሕር ላይ ሳለም እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቂ።

ተጓዧ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕቅዱን አፈረስኩት። ከዋዜማው ወደቡ አጠገብ አድራለሁ፤ ማዶ የመጀመሪያውን ቀን 140 አድርጌዋለሁ። ጉዞው አሥራ አራት ቀን ሆነ፤ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጠኝ።

ቀበቶዎቹን ዛሬ ገዝቼ ግቢ ውስጥ ሁለት ምሰሶ መሃል አስሬ ሞከርኩ። መጀመሪያ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ራቼቱ፣ ማለትም ቀበቶውን የሚወጥረው መቆለፊያ ውስጥ ቀበቶው ተጣጥፎ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው አሥራ አንድ ደቂቃ። ጎረቤቴ ኮርቻውን ይዞ ነቀነቀው፤ የተወዛወዘው ምሰሶው ነው።

የቆየ ሄልሜት፦

ጎበዝ! አሁን ደግሞ ማታ፣ በግንባር መብራት፣ ከነጃኬትሽና ከነጓንትሽ ሞክሪው። ወለሉ ላይ ያለው ብርሃን ደብዛዛ ነው፤ ቦታውም ግራና ቀኝ ከሞተሩ አንድ ክንድ አይርቅም። የተረፈውን የቀበቶ ጫፍ ጠቅልለሽ ቋጥሪው፤ ተንጠልጥሎ ካደረ ዘይቱን ሁሉ ይመጠዋል። ማዶ ስትወርጂም ጎማሽ ያንኑ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ንጂ። ማታ ካቴናውን በንጹሕ ውሃ አጥበሽ ቅባት ስጪው፤ ጨው ቶሎ ያዝገዋል።