ለመምህርት ስጦታ የሚሆን የኪሮሽ አሻንጉሊት

ጥያቄ፦ በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ለልጄ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በእጄ የሠራሁትን አሻንጉሊት ማበርከት እፈልጋለሁ። ዳንቴል መሥራት እችላለሁ፤ ነገር ግን ክብ አካል እንዴት ይጀመራል? ውስጡ የሚሞላው ጥጥስ በክሩ መካከል እንዳይታይ ምን ይደረጋል? የጉጉት ቅርጽ መርጫለሁ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ በክር ቀለበት ውስጥ 6 ቋጠሮ ይሥሩና በየዙሩ 6 እየጨመሩ 12፣ 18፣ 24 እያሉ ያስፉት፤ የሚፈልጉት ስፋት ላይ ሲደርሱ ሳይጨምሩ ይቀጥሉ፤ ለመዝጋትም በዚያው መጠን ይቀንሱ። ሥራው ሳይቋረጥ እየዞረ ስለሚሄድ የዙሩን መጀመሪያ ሌላ ቀለም ባለው ክር ምልክት ያድርጉበት። በክሩ መጠቅለያ ላይ ከተመከረው ቀጠን ያለ ኪሮሽ ከተጠቀሙ ቋጠሮው ጠበቅ ስለሚል ጥጡ አይታይም።

መልስ 2፦ ጉጉትን ቢተዉት እመርጣለሁ። በውጭ አገር የጥበብ ምልክት ተደርጋ ለመምህራን ብትሰጥም፣ በእኛ ዘንድ ብዙዎች እንደ ክፉ ምልክት ስለሚያዩዋት መምህርቷን ቅር ልታሰኝ ትችላለች። የትጋት ምሳሌ የሆነችው ንብ በጣም ታምራለች፤ ቢጫና ጥቁር ክር ብቻ ይበቃታል።

መልስ 3፦ አሻንጉሊቱ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ሕፃናት መንካታቸው ስለማይቀር፣ ተነቅሎ ሊዋጥ በሚችል የፕላስቲክ ዓይን ፋንታ ዓይኑን በጥቁር ክር ይጥለፉት።