በ14 ዓመቱ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘን ልጅ በመዛግብት መፈለግ

ጥያቄ፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት በስርቆት የ7 ዓመት ግዞት ተፈርዶበት ወደ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ የተላከን ልጅ ፈለግ እየተከተልኩ ነው። የችሎቱን ዘገባ በኢንተርኔት ባገኝም፣ ከዚያ ወዲህ ከሞክሼዎቹ መለየት አቃተኝ። ከየት ልቀጥል?

መልስ፦ ከስሙ ይልቅ የተጋዘበትን መርከብ ይከተሉ። የታዝማኒያ ቤተ መዛግብት በነፃ የሚያሳየው የእስረኞች የምግባር መዝገብ የመጡበትን መርከብ፣ የተፈረደበትን ቦታና ቀን ስለሚጠቅስ፣ ቀኑን ከችሎቱ ዘገባ ጋር ሲያመሳክሩት ሞክሼው ይለያል።

ሌላ መልስ፦ የአካል መግለጫውንም አይዝለሉት፤ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለምና ንቅሳቱ ሳይቀር ተጽፏል። ዕድሜውን ግን እንዳለ አይመኑት፤ ልጆቹ ራሳቸው የተናገሩት ነውና። ወንድ ልጆች ከ1834 እስከ 1849 በፖርት አርተር የእስረኞች ሰፈር አጠገብ በሚገኘው ፖይንት ፑየር ታስረው ጫማ ስፌትና አናጢነት ይማሩ ስለነበር፣ በቅጣት ዝርዝሩ ውስጥ የዚህን ቦታ ስም ይፈልጉ።

ጠያቂው፦ ንቅሳቱን አላየሁትም ነበር፤ ዛሬውኑ እመለስበታለሁ።