ክሬአቲኒኔ ደህና ነው፤ ታዲያ ናሙና ለምን?

የሁለት ልጆች እናት፦
ኩላሊቱን የሰጠኝ ባለቤቴ ነው፤ ንቅለ ተከላው ከተደረገልኝ 4 ዓመት ሆነኝ። የኩላሊቱን ሥራ በደም የሚያሳየው ክሬአቲኒኔ ከ1.1 ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ሽንቴም የደም ግፊቴም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ የምርመራ ወረቀቱ ላይ አንዱን መስመር በእስክሪብቶ ከበበና «በለጋሽሽ ላይ የተነሣ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ከኩላሊቱ ናሙና እንውሰድ» አለኝ። ከጎኑ 4,200 ይላል። ባለቤቴ «ምን አሉሽ?» ሲለኝ «ደህና ነው» አልኩት። የገዛ ደሜ ያንተን ኩላሊት ሊወጋ ተነሣ ብዬ እንዴት ልንገረው? ልጆቹን ማርገዜ ያመጣው ይሆን?

የላቦራቶሪ ሰው፦
እህቴ፣ ሊሆን ይችላል። ፅንስ ግማሽ የሕዋስ መለያውን ከአባቱ ይወርሳል፤ የእናት ሰውነት ያንን አይቶ ሳይረሳ ሊቆይ ይችላል። ደም መውሰድም እንደዚሁ ነው። ከዓመታት በኋላ አዲስ ሲመጣ ግን እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የመድኃኒት መዛባትን ነው። 4,200 የፀረ እንግዳ አካሉን ብርታት የሚገምት ቁጥር ነው፤ ከሌላ ታካሚ ቁጥር ጋር አታስተያዪው፤ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። ዲኪው (DQ፣ ከሕዋስ መለያዎቹ አንዱ ወገን) የሚል ጽሑፍ አለበት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ዲኪው 7 ይላል።

የላቦራቶሪ ሰው፦
ከንቅለ ተከላ በኋላ አዲስ ከሚፈጠሩት ውስጥ በብዛት የሚታየው የዲኪው ወገን ነው።

ነባር ታካሚ፦
ክሬአቲኒንን አትመኚው፤ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የእኔ ከፍ ሲል ኩላሊቱ ጠባሳ ጀምሮት ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉ ትንንሾቹን የደም ሥሮች መንካት አለመንካቱ የሚለየው በናሙናው ነው። የተተከለው ኩላሊት ከሆድ በታች ስለሆነ በጀርባሽ ትተኛለሽ። ቦታው ይደነዝዛል፤ መርፌው ቀጭ ሲል ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ነው የሚያስደነግጠው። ከዚያ ለሰዓታት ሳትነሺ መቆየት አለ፤ እኔን ያንገሸገሸኝ እሱ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይወጋ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ የማታውን ታክሮሊመስ፣ በሰዓቱ ትውጫለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰዓቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጆቹን ሳስተኛ አብሬ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቼ እውጣለሁ፣ አንዳንዴም ሳልውጥ ይነጋል። በወር ሦስት አራት ጊዜ ይሆናል። የመድኃኒቱ መጠን በደሜ ሲለካ ግን ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

ነባር ታካሚ፦
ከምርመራው በፊት ባለው ሳምንትስ ታሳልፊያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦
አንድም ቀን።

የላቦራቶሪ ሰው፦
እንግዲያው ሐኪምሽ የሚያየው ያንን ሳምንት ብቻ ነው። ከናሙናው በፊት ይህንኑ ልክ እንደጻፍሽው ንገሪው።