«አይ» ማለት ያቃተኝ ምን ሆኜ ነው?

የማራኪው
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። 29 ዓመቴ ነው። «አይ» የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም። ዘመድ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል፣ ጽፌ አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ሂሳብ ሲጠይቀኝ «ኧረ ተወው» የምለው እኔው ነኝ። ተማሪ 80 ገጽ መመረቂያ አሳትሞ «ነገ አመጣለሁ» ይልና ተመርቆ አገሩ ይገባል። የዱቤ ደብተሬ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። በጥምቀት ደግሞ ባሰብኝ። «አንተ ጋ ነው የምናርፈው» ብለው 7 ሰዎች መጡ፣ ሁለቱን በቅጡ አላውቃቸውም፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፣ ከተራ ዕለት ሕዝቡ ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርድ እኔ ፍራሽ ልዋስ ጎረቤት ለጎረቤት ስዞር መሸ። ምን ይሻለኛል?

ባለባጃጁ
ወንድሜ አትቀየመኝ፣ ይሄ ደግነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ከራሴ ነው የማውቀው። ከፒያሳ አዘዞ ስመላለስ ግማሹ ተሳፋሪ «በመንገድህ ላይ ነው» ባይ የሰፈር ሰው ነበር። አንድ ቀን ነዳጅ አልቆብኝ ቆምኩና ለእነዚያው ደወልኩ። ያነሳልኝ የለም! አሁን ቶሎ አልመልስም፣ «አይቼ ልንገርህ» ነው የምለው። ምክንያት ደግሞ አትደርድር። በደረደርክ ቁጥር ይከራከሩሃል።

የሦስት ልጆች እናት
ኧረ ልጆች፣ ይሉኝታን እንዲህ አታብጠልጥሉት። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተከለው፣ ሰርግ ላይ ወጥ የሚወጠወጠው በፍቅር ብቻ መስሏችኋል? እኔ የምለየው በእንቅልፌ ነው። ሰጥቼ ከተኛሁ ሰጥቻለሁ። ሌሊቱን ብሩን ስቆጥር ካደርኩ ግን ተነጥቄያለሁ። ደግሞ ልጄ፣ አጎትህንና የማታውቀውን ተማሪ በአንድ ዓይን አትይ። ለአጎትህ ቡና አፍልተህ በጨዋ ደንብ ትነግራቸዋለህ፤ ለተማሪው «ቅድሚያ ይከፈላል» ብለህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ ወረቀቱ ይናገርልህ፣ ማተሚያው እንደሆነ የራስህ!

ሳይኮሎጂ የተማርኩ
የእማማ ወረቀት ጥሩ ጅምር ነው። ጆሴፍ ዎልፔ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፍርሃትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ የማለማመድ ሕክምና አስፋፍቷል። ሐሳብን ሳይፈሩ መናገርንም ከሕክምናው ክፍል አድርጎታል፣ ምክንያቱም ደጋግመህ ስትናገር ፍርሃቱ እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ በአጎትህ አትጀምር። የማታውቀው ሰው ለ2 ገጽ ዱቤ ሲጠይቅህ ጀምር። ልብህ ይመታል፣ ይምታ። ልቤ ሲረጋ እናገራለሁ ካልክ ግን ሌላ ጥምቀት ይደርሳል። በራስ መተማመን ከተናገርክ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚመጣው።

የማራኪው
አመሰግናለሁ፣ እማማ በተለይ። ወረቀቱን ትናንት ለጠፍኩት። ዛሬ ጠዋት አንድ ልጅ አነበበና «እኔንም ይጨምራል?» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። «አዎ» አልኩት። ከፈለና ሄደ፣ በቃ፣ ምንም አልሆነም። ከሰዓት ግን አጎቴ መጡ፣ ወረቀቱን ቀና ብለው አዩና «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ሥራ» ብለው 3 ማመልከቻ አስጽፈው ወጡ።

ባለባጃጁ
ከፈሉ?

የማራኪው
ቡናውም በእኔ ነበር።