ፊያት ኤንትሬ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ ይጠፋብኛል፣ ፖምፓውን ላስፈታ?

ኮምቦልቻው
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባታችን የተረፈን ፊያት 682 ኤንትሬ አለን። ዛሬም ይሠራል፤ እህልም አሸዋም ይጭናል፣ አልፎ አልፎም ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አንዴ ሲነካ ይነሳል። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር መውጣት ሲጀምር ግን መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ይጎትትና ቀስ በቀስ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ማርሽ ብቀንስም ነዳጅ ብሰጠውም ለውጥ የለም፣ ከዚያ ሳል ሳል ይልና ይጠፋል። ድንጋይ ታኮ አድርገን ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ይሄዳል። ትንሽ ከወጣ ደግሞ ያው ነው። ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። አንዱ ጋራዥ "የናፍጣ ፖምፓው አልቋል" አለኝ፣ ሌላው "የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) በልቷል፣ ሞተር ይውረድ" አለኝ። ሁለቱም የማይቀመስ ዋጋ ነው፤ ዕቃውም እንደ ልብ አይገኝም። ምን ትላላችሁ?

ካቻቢቴ
ፖምፓውን ማንም እንዳይነካብህ! መጀመሪያ ስለ ጭሱ ንገረን። ጉልበት ሲያጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል ወይስ ጭሱ ይጠራል?

ኮምቦልቻው
ረዳቱን ጠየቅኩት፣ እሱ ነው ከኋላ ሲያይ የነበረው። ዳገቱን ሲጀምር ጥቁር ነው። ሊጠፋ ሲል ግን ጭስ የሚባል የለም አለኝ።

ካቻቢቴ
በቃ፣ ግማሹን ነገርከን። የመጀመሪያው ጥቁር ጭስ አያስደንግጥህ። የዚህ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ አየሩን በራሱ ትንፋሽ ነው የሚስበው። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 30 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ግን ያው ስለሆነ ተርፎ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጭነት ላይ ያለ የድሮ ናፍጣ ሞተር ሁሉ ጸባዩ ነው።

ጭሱ ጠርቶ ጉልበት ከጠፋ ግን የሚቃጠል ነገር አልደረሰም ማለት ነው። ናፍጣው መንገድ ላይ ቀርቷል። ፋሻ ነው ያለህን ሰው እርሳው፤ ፋሻ ቢሆን ኖሮ ጠዋት እንዲህ በቀላሉ አይነሳም፣ ሰማያዊ ጭስ ታይ ነበር፣ ዘይትም ይጎድልብህ ነበር። ያለቀ ፋሻ ደግሞ ሩብ ሰዓት ስላረፈ አይድንም።

እኔ የምጠረጥረው ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) ነው። አሮጌ ሰልባትዮ ከውስጥ ይዝጋል። ሜዳ ላይ የሚሳበው ናፍጣ ትንሽ ስለሆነ ዝገቱ እታች ተኝቶ ይቀመጣል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ይጠጣል፣ ያን ጊዜ ዝገቱ ከናፍጣው ጋር ተስቦ የመሳቢያውን ቱቦ አፍ ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻው ተመልሶ ይወርዳል፣ መንገዱ ይከፈታል። ያንተ ሩብ ሰዓት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በሚቀጥለው ሲጠፋብህ ሮጠህ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈት። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። እሱማ በሽቦ ታጸዳዋለህ፣ ሳንቲም አታወጣበትም።

የአሰብ መንገድ
ልጄ፣ ካቻቢቴ ያለህ ልክ ነው። እኔ በትሬንታ ኳትሮ (የድሮ ፊያት ጭነት መኪና) ረዳትነት ጀምሬ ኤንትሬ ላይ ነው ሾፌር የሆንኩት። 682 ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራ መኪና ነው፤ ያንተ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ከ10 ሊትር በላይ ነው፣ በቀላሉ አይሞትም። ሞተሩን ከማማትህ በፊት ይህን አድርግ። ንጹሕ ጀሪካን ናፍጣ ሞልተህ ከፍ አድርገህ፣ ከጋቢናው ኋላ አጥብቀህ እሰረው። ከጭስ ማውጫው ግን አርቀው። ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቱቦ ከትንሿ ፖምፓ (ናፍጣ ከሰልባትዮው ከምትስበው) ላይ ፍታና የጀሪካኑን ቱቦ ግጠምላት። ከዚያ ጭነህ ዳገቱን ውጣ። ሳይጠፋ ከወጣ ያ አልቋል የተባለው ትልቁም ፖምፓ፣ ኖዝሉም (ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው)፣ ፋሻውም ነጻ ናቸው። ከጠፋም ሰልባትዮውን አታውርድ፤ ልፋት ነው።

ቱቦው ብርሃን የሚያሳይ ላስቲክ ይሁን። አረፋ ሲያልፍ ካየህ አየር የሚገባበት ቦታ አለ።

ዳዶ
ሁላችሁም ሰልባትዮው ላይ ዘመታችሁ። ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ግን የጎማ ቱቦዎቹንም እዩ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይላጣል፤ ሲሳብ ይጣበቃል፣ ሲቆም ይከፈታል። ምልክቱ ሰልባትዮው ሲደፈን ከሚታየው ጋር አንድ ነው። እኔ ብሆን ጀሪካን ሳላስር በፊት ቱቦዎቹን በሙሉ ከነፋሼታቸው (ከነማሰሪያቸው) እቀይር ነበር፣ ርካሽ ናቸው።

አንዱ ኖዝል ሰንፎ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን ቱቦ ዳዶ (ማጥበቂያ ነት) በየተራ ትንሽ ላላ አድርጉት። ድምፁ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራል፣ ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። እጃችሁን ግን አርቁ! ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

ናፍጣ የምትቀዳበትንም ተጠንቀቅ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ፖምፓውን ያደርቀዋል፤ ፖምፓው ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው።

ኮምቦልቻው
እግዜር ይስጥልን! ክዳኑን ከፈትኩ፣ ፍስስ የሚል ነገር የለም። ቱቦዎቹን ቀየርኩ፣ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። በመጨረሻ እንደ ጋሼ ምክር ጀሪካን አስረን፣ ጤፍ ጭነን ወጣን። ጣርማ በር ዋሻ እስክንገባ አንዴም አላሳለም። ረዳቱ እየዘፈነ ነበር።

ሰልባትዮውን አወረድነው። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት ቡኒ ጭቃ ለብሳ ቀዳዳዋ አይታይም። ሰልባትዮውን ገልብጠን ስንነቀንቀው እንደ ቅርፊት የሚላጥ ዝገት ወጣ፣ ውሃም ነበረበት፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅም አብሮ ወጣ። ማን መቼ እንደከተተው እንጃ። አሁን ታጥቧል፣ ግን ከታች በኩል ብየዳው ላይ ላብ ላብ ይላል። ብየዳ ቤት ልውሰደው?

የአሰብ መንገድ
እንዲህ እንዳለ እንዳትወስደው! ናፍጣ አይነድም ብለው የሚበይዱ አሉ። ፈሳሹ አይደለም የሚያስፈራው፣ ውስጥ የቀረው ትነት ነው፤ እሳት ሲነካው ሰልባትዮው ይፈነዳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ እጠበው። ሲበየድ ላብ የሚለው ቦታ ወደ ላይ እንዲሆን አዙረው፣ ከዚያ ብየዳው የሚያርፍባት ቦታ ብቻ እስክትቀር ድረስ ውሃ ሙላው፣ ትነቱ የሚወጣበት ከላይ የሆነ ቀዳዳም ክፍት ይሁን። ይህን የማይቀበል በያጅ ካለ ሌላ ፈልግ።

ካቻቢቴ
ስትገጥመው አየር ማስወጣቱን በቅደም ተከተል አድርግ። መጀመሪያ የፊልትሮውን ቡሎን አላልተህ ትንሿን ፖምፓ በእጅ ምታ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ እጠብቀው። ቀጥሎ የትልቁ ፖምፓ። ከዚያም እምቢ ካለ የኖዝል ዳዶዎቹን አላልተህ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙረው። የፈታሃቸውን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) መልሰህ አትጠቀምባቸው፣ አዲስ አድርግ። ዝገት የነበረበት ስለሆነ ፊልትሮውንም ቶሎ ቀይረው፣ ገና ብዙ ይመጣል።

ኮምቦልቻው
እሺ። ያቺ የእጅ ፖምፓ ስትመታ ናፍጣ በጎኗ ታንጠባጥባለች፣ ጎሚኒዋ (የላስቲክ መዝጊያዋ) ለብቻው ይገኛል ወይስ ሙሉዋን ነው የሚሸጡት?

ዳዶ
ሙሉዋን ከመግዛትህ በፊት አሮጌዋን ይዘህ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዙር። ናሙና ካየ የሚያመጣልህ አይጠፋም።