ልቦለዴን ለአሳታሚ ከመላኬ በፊት ላስመዝግበው ወይስ ይቆይ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ልቦለዴን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ 3 ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ለአርታኢ፣ ከዚያ ለአሳታሚ ልሰጠው ነው። አንዷ ጓደኛዬ «ሳታስመዘግቢ ከእጅሽ እንዳይወጣ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ለራስሽ በፖስታ ላኪውና ሳትከፍቺ አስቀምጪው፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ማስረጃ ይሆንሻል» አለችኝ። የቷን ልስማ? ገና ብዙ ልለውጠው እችላለሁ።

ባለብዕሩ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! አትጨነቂ፣ መብቱ አሁንም ያንቺ ነው። ከ180 በላይ አገሮች የገቡበት የ1886ቱ የበርን ስምምነት የቅጂ መብት በምዝገባ ላይ እንዲንጠለጠል አይፈቅድም። መብቱ የሚወለደው ስትጽፊው ነው። የሚጠበቀው ግን አጻጻፍሽ እንጂ ሐሳብሽ አይደለም። በውርስ ስለተጣሉ ወንድማማቾች ማንም መጻፍ ይችላል። ያንቺን ምዕራፍ መገልበጥ ግን አይችልም።

ሰዓሊዋ፦ እውነት ነው፤ ግን መብት መኖሩና መብትን ማስረዳት ይለያያሉ። የእኔን ሥዕል አንድ ሰው «የራሴ ነው» ብሎ ሸጦታል። አላስመዘገብኩትም ነበር። ያዳነኝ የእርሳስ ንድፌ ነው፦ የሴትየዋን ግራ እጅ መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ ስዬው፣ አጥፍቼ ወደ ደረቷ አምጥቼዋለሁ። የላጲሱ ምልክት አሁንም ይታያል። እሱ እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ያመጣል? ያም ሆኖ ክርክሩ ወራት ፈጀ። ቀን ያለበት የምዝገባ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገላታሁ።

የሕግ ሰው፦ የፖስታውን ነገር እርሺው። ባዶ ፖስታ ሳያሽጉ ልኮ በኋላ የፈለጉትን መክተት ይቻላላ! ምዝገባን አይተካም።

ጊዜውን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የአገሩ ሥራ ካልተመዘገበ ክስ መመሥረት አይቻልም። ምዝገባው ከጥሰቱ በፊት ወይም በታተመ በ3 ወር ውስጥ ከተፈጸመ ደግሞ ጉዳቱን በብር ሳታስረጂ ሕጉ የወሰነውን ካሳ መጠየቅ ይቻላል። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ይደርሳል። ከዘገየሽ ይህ በር ይዘጋል።

ጀማሪዋ፦ ካስመዘገብኩ በኋላ ብለውጠውስ?

የሕግ ሰው፦ ምዝገባው የሚሸፍነው ያስገባሽውን ቅጂ ነው። አዲስ የጨመርሽው ምዕራፍ እዚያ ውስጥ የለም። የፊደል እርማት ግን ችግር የለውም። ስለዚህ እኔ ብሆን አርታኢው እስኪጨርስ ጠብቄ፣ ከመታተሙ በፊት አስመዘግበው ነበር። ብዙ ሰው እጅ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ለምሳሌ የፊልም ጽሑፍ፣ አሁኑኑ እልሽ ነበር።

ባለብዕሩ፦ እስከዚያው በየረቂቁ ላይ አዲስ እየጻፍሽ የድሮውን አታጥፊ። ለማን መቼ እንደላክሽም በኢሜይል ይታወቅ።

ጀማሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 4 ረቂቆች አሉኝ፣ የመጀመሪያው በእጅ የተጻፈ ደብተር ነው። ልጥለው ነበር፤ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።